አድራሻ ያልተነገራቸው ሟች

«እሺ» የምንለው ለማን ነው?

ይህን ጥያቄ ለዓመታት ይዤው ዞሬያለሁ። ሲሰሙት የሕፃን ጥያቄ ይመስላል፤ «ላዘዘን ነዋ!» ብላችሁ ገጹን ትገልጡት ይሆናል። አትግለጡት። እኔም እንደ እናንተ መልሱ ቀላል ይመስለኝ ነበር፣ ሹሊንግ ከምትባል ጓደኛዬ ጋር አንድ ቤት መኖር እስክጀምር ድረስ።

እሺ ማለት መቼም ለእኔ ከብዶኝ አያውቅም። አስተናጋጅ ያላዘዝኩትን ምግብ ይዞ ሲመጣ «እሺ» ብዬ እበላለሁ። ስልክ ላይ «ለእንግሊዝኛ አንድን ይጫኑ» ለምትለዋ የተቀዳች ድምፅ ሳይቀር «እሺ» ብዬ ነው የምጫነው። አባቴ ይህን ጠባዬን ይወደዋል። «እሺ ይበልጣል ከሺ» እያለ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ አሜሪካ ከገባን ወዲህ ሺውንም እሺውንም እኩል ይፈልጋቸዋል እንጂ ተረቱን አልተወም።

ደግሞ የእኛ እሺ መልኩ ብዙ ነው። «እሺ፣ ነገ» የሚባል አለ፤ ትርጉሙ «በጭራሽ» ነው። «እሺ በቃ» አለ፤ ትርጉሙ «ስልኩን ልዝጋ» ነው። «እሺ እሺ እሺ» ተብሎ የሚደረደረው ደግሞ አንድም ቃል እንዳልሰማን ማረጋገጫ ነው። አየር ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን የምንላት አጭሯም አለች። ሹሊንግ እሷን መጀመሪያ ስትሰማ አስም የተነሳብኝ መስሏት ውኃ ልታመጣልኝ ሮጣለች።

ሹሊንግን ያወቅኋት ዩኒቨርሲቲ ነው። ሁለታችንም ዓይናፋሮች ነን። ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ «አንቺ ቅደሚ»፣ «የለም አንቺ» ስንባባል ከኋላችን ሰልፍ ተሠራና የቸኮለ ተማሪ መሃላችንን ሰንጥቆ ገባ። እኛ በሩ ላይ ቀረን፤ ጓደኝነታችንም የተጀመረው እዚያው በቀረንበት ነው። ቤተሰቦቿ ከደቡብ ቻይና የባሕር ዳርቻ የመጡ ናቸው፣ ሳን ሆዜ ይኖራሉ። አባቷ ኢንጂነር ነበሩ፤ ቀጠን ያሉ፣ ንጹሕ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው። ልጃቸውን «አይሆንም» ብለዋት አያውቁም። ዝም ነው የሚሉት። ሹሊንግ ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችው ያንን ዝምታ ስታነብ ነው፤ እኔ መጽሐፍ እንደማነበው፣ መስመር በመስመር፣ አንዳንዴም ያልተጻፈውን ጭምር።

ስንመረቅ ኦክላንድ፣ ሐይቁ አጠገብ፣ ወለሉ ጣውላ የሆነ አሮጌ አፓርትመንት አብረን ተከራየን። እኔ ዳውንታውን ቤተ መጻሕፍት ተቀጠርኩ። እሷ ሳን ሆዜ የኮምፒውተር ፕሮግራም ትጽፋለች። መሥሪያ ቤቷ ለወላጆቿ ቤት ቅርብ፣ ለእኛ ቤት ሩቅ ነው ማለት ነው። ለምን ኦክላንድ ድረስ እንደምትመላለስ አባቷ አልጠየቋትም። ዝም አሉ። ብቻ እሁድ እሁድ ምሳ ልትበላ ስትሄድ፣ እሷ ከእናቷ ጋር ስትጫወት፣ እሳቸው ወጥተው የመኪናዋን ጎማዎች ዞረው ዞረው ንፋሳቸውን ይለኩ ነበር። ያንን «እወድሻለሁ» ብሎ መተርጎም የእሷ ፋንታ ነው።

አንድ እሁድ «ሥራ በዝቶብኛል» ብላ ቀረች። በዚያው እሁድ አባቷ ጋራዥ ውስጥ የጎማ መለኪያቸውን እንደያዙ ልባቸው ቆመ።

ከቀብሩ በኋላ ነው ስለ ቃሉ ያወራነው። ቻይናዎች «ሽያው» የሚሉት ነገር አላቸው። ሹሊንግ ልትተረጉምልኝ ተቸገረች። ወላጅን ማክበር ነው፣ መታዘዝ ነው፣ ሲያረጁ ማኖር ነው እያለች ጣቷን ስትቆጥር እኔ ጮክ ብዬ «ጧሪ ቀባሪ!» አልኩ። የሩቅ ዘመድ ሱቅ ውስጥ እንዳገኘ ሰው ደስ ብሎኝ ነበር። ትርጉሙን አስረዳኋት፤ እኛ ዘንድ ልጅ የሚወለደው እንዲጦርና እንዲቀብር ነው አልኳት።

«ከቀበራችሁ በኋላስ?» አለችኝ።

«ከቀበርን በኋላ ተዝካር እናወጣለን። ከዚያ እሱም ያርፋል፣ እኛም እናርፋለን።»

«የእኛ አያርፍም» አለች ሹሊንግ፤ እንደ ቀላል ነገር፣ የእኛ ሰፈር አውቶቡስ እሁድ አይሠራም እንደሚባለው።

ምን ማለቷ እንደሆነ የገባኝ ሳን ሆዜ ምሳ የተጋበዝኩ ቀን ነው። እናትየዋን «አንቲ» ነው የምላቸው፤ እዚህ አገር የጓደኛ እናት ሁሉ አንቲ ናት። ሳሎናቸው ጥግ ላይ የአባትየው ፎቶግራፍ ተቀምጧል፤ ከፊቱ ሩዝ፣ ሙሉ ዓሣ፣ ብርቱካን፣ አንድ ሲኒ ሻይ። እኛ የምንበላው እሳቸው ከጠገቡ በኋላ ነው። እንግዲህ ሟች መጥገቡ በምን ይታወቃል? ብላችሁ ብትጠይቁ፣ ይጠየቃል። ከቀርከሃ ሥር የተጠረቡ፣ ቀይ የተቀቡ፣ የጨረቃ ቁራጭ የሚመስሉ ሁለት እንጨቶች አሉ፤ በአንድ ወገን ጠፍጣፋ፣ በሌላው ጎበጥ ያሉ። ጥያቄህን ጠይቀህ ወለል ላይ ትጥላቸዋለህ። አንዱ በሆዱ ሌላው በጀርባው ከወደቀ መልሱ «አዎ» ነው። ሁለቱም ጀርባቸውን ከሰጡህ «አይሆንም»። ሁለቱም በጀርባቸው ተንጋለው ጠፍጣፋ ሆዳቸውን ካሳዩህ ሟቹ እየሳቀብህ ነው። ለትልቅ ጉዳይ ደግሞ አንድ አዎ አይበቃም፤ በተከታታይ ሦስት አዎ ያስፈልጋል።

አንቲ «ጠግበሃል?» ብለው ጠየቁና ጣሉ። ቀጭ፣ ቀጭ። አልጠገቡም። ትንሽ ቆይተው ጣሉ። አልጠገቡም። እኔ «ብሉ እንጂ! በሞቴ!» የሚባልበት አገር ልጅ ነኝ፤ አልበላም የሚል እንግዳ አውቃለሁ፣ አልጠገብኩም የሚል ሟች ግን አዲስ ሆነብኝ። የቀትር ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ዓሣው ዓይን ላይ ቁጭ ብላለች።

«በሕይወቱም ቀርፋፋ በላተኛ ነበር» አሉ አንቲ፣ ይቅርታ እንደመጠየቅ።

በመጨረሻ ጠገቡና የቀዘቀዘውን ዓሣ በላን። ሰሃኖቹን ሳነሳ ሲኒው ውስጥ ያለው ሻይ የጎደለ መሰለኝ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለእናንተ ስናገር መጀመሪያዬ ነው።

ይህ ሁሉ ለአንቲ መጽናኛ እንደሆነ ያኔም ይታየኝ ነበር። ከባላቸው ጋር ምሳ ይበላሉ፣ ይጨቃጨቃሉ፣ ሰሃን ያጥባሉ፣ ማታ ተከታታይ ፊልማቸውን አይተው ይተኛሉ። ችግሩ የመጣው ሹሊንግ ከቻይናታውን የራሷን ጥንድ ገዝታ ኦክላንድ ስታመጣ ነው።

በትንሽ በትንሹ ነው የጀመረችው። ሥራ ልቀይር? አይሆንም። ጸጉሬን ልቆረጥ? አይሆንም። እሺ፣ ይሁን አልኩ፤ አባቷ ናፍቀዋት ነው። ከዚያ ግን ጥያቄዎቹ እየደቀቁ ሄዱ። ቁርስ ልብላ? በዚህ መንገድ ልሂድ? ሰማያዊውን ልልበስ? ጠዋት ጥርሴን ስቦርሽ ከግድግዳው ማዶ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ማታ ሳነብ ቀጭ፣ ቀጭ። እየቆየ፣ እሷ ቤት በሌለችበት ሰዓትም የሚሰማኝ መሰለኝ። አሮጌ ቤት ነው፣ ጣውላው ይንቋቋል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። እንደምታውቁት ራስን ማሳመን ለእሺ ባይ ሰው ቀላል ነው።

ሹሊንግ ከሳች። ሰው ሲያናግራት አንገቷን ዘንበል አድርጋ ትቆያለች፤ መልሱን ሌላ ሰው ቀድሞ እንዲሰማላት የምትጠብቅ ትመስላለች። መሥሪያ ቤቷ ሠራተኞቹን የምታናግር የአእምሮ ሐኪም አለችው፣ ሂጂ አልኳት። አባቷን ጠይቃ አይሆንም ተባለች።

«ደግሞስ ምን ብዬ ልነግራት ነው?» አለችኝ። «አባቴን ለማታውቅ ሴትዮ ስለ አባቴ ማውራት እሱን መሸጥ ነው። የቤትን ነውር ውጪ አታውጣ ይባላል እኛ ዘንድ።»

ምን ልበላት? ገመናን አደባባይ ማውጣት እኛ ዘንድ ከመታመም የባሰ ነው። ጨነቀኝና ለአባቴ ነገርኩት። አባቴ ዳብሊን ይኖራል፣ የአየርላንዱ ሳይሆን እዚሁ ካሊፎርኒያ፣ የእኛ ባቡር የሚያልቅበት፤ በዚያች በምትታጠፍ ስልኩ እንደ ሬዲዮ ጋዜጠኛ ነው የሚጮኸው።

«የቻይና ልጅ?» አለኝ። «እነሱ አይታመሙም። ጠንካሮች ናቸው። የአባቷን ቃል ማክበሯ ደግሞ ምን ክፋት አለው? ሙት አይወቀስም፣ ቲጂዬ። አንቺ ይልቅ የነርሲንግ ትምህርቱን ነገር አስቢበት፤ ምዝገባው አይለፍሽ።»

«እሺ አባባ» አልኩ። በሥነ ጽሑፍ ዲግሪ የያዘች ልጅ ያለችው አባት ሁልጊዜ የሚያስብላት ነገር አያጣም። እሱ በየሴሚስተሩ ያስታውሰኛል፤ እኔ በየሴሚስተሩ እሺ እላለሁ። የመጀመሪያው ዓይነት እሺ፣ «እሺ፣ ነገ» የሚባለው።

አንድ ቀን፣ ጉም ከባሕረ ሰላጤው ተነስቶ ሐይቁን ውጦት፣ ቀኑ ሳይመሽ የመሸ ሲመስል፣ ራሴን አሞኝ በምሳ ሰዓት ወደ ቤት ተመለስኩ። ሹሊንግ በዚያ ሰዓት ሳን ሆዜ ሥራዋ ላይ መሆን ነበረባት። በሩን ስከፍት ሰማሁት። ቀጭ። ቀጭ። ጣውላ አልነበረም። ጫማዬን ሳላወልቅ ሄጄ ክፍሏን ከፈትኩት።

ወለሉ ላይ ተንበርክካለች። መጋረጃው ተዘግቷል። ጸጉሯን በሥርዓት አበጥራ፣ አዲስ ዓመት የምትለብሰውን ቀይ ሹራብ ለብሳ ነበር። ሰው ልትጠይቅ የምትሄድ ትመስላለች።

«ሥራ አልሄድሽም?»

«አይሆንም አለኝ።»

«ታዲያ አሁን ምን እየጠየቅሻቸው ነው?»

አንገቷን ዘንበል አደረገች። «ብቻውን ነው፣ ቲጂ። እዚያ ማንንም አያውቅም። ልምጣ ወይ ብዬ ጠየቅኩት።»

እጄ በሩ እጀታ ላይ ቀረ። «ምን አሉሽ?»

«ሁለት ጊዜ አዎ አለኝ።»

«ሦስተኛውስ?»

«ገና አልጣልኩትም» አለች። «አንቺ በሩን ከፈትሽው።»

እንዲህ ባለ ሰዓት ደፋር ሰው ምን እንደሚያደርግ ከመጽሐፍ አውቃለሁ። ይጮኻል፣ ይነጥቃል፣ ያቅፋል። እኔ ግን ያለችኝ ትሕትና ብቻ ናት፤ ያለኝን አወጣሁ። እንዲህ ያለ ትልቅ ጉዳይ ከሩቅ አይጠየቅም አልኳት። ሰው አባቱን ይህን የመሰለ ነገር ሲጠይቅ ቤቱ ሄዶ፣ ፊቱ ቆሞ ነው እንጂ እንዲህ ከኦክላንድ ሆኖ በስልክ እንደሚነገር ነገር ነው ወይ? እናትሽስ ሳይሰሙ? ነውር አይደለም? «ነውር» የምትለዋን በአማርኛ ነው ያልኳት፤ ትርጉሟን ታውቃለች፣ ከእኔ ጋር ኖራ እንዴት አታውቅ።

ብዙ አሰበች። እውነት ነው መሰለኝ፣ ነውር መሥራት አልፈለገችም። ሳን ሆዜ ለመሄድም አባቷን ልትጠይቅ እጇን ስትዘረጋ ቀድሜ እንጨቶቹን አንስቼ ጃኬቴ ኪስ ከተትኳቸው። ሞቀው ነበር። ከእጇ ነዋ፣ ከየት ይሞቃሉ።

መኪናዋን እኔ ነዳሁት። እኔ ሃይዌይ ላይ ስነዳ አይታችሁኝ አታውቁም፤ እድለኞች ናችሁ። ከወደቡ የሚወጡት ኮንቴይነር የጫኑ ከባድ መኪኖች ግራና ቀኝ ሲያልፉን በያንዳንዳቸው፣ የየትኛውንም ታቦት ስም ሳልጠራ፣ ስለት እሳላለሁ። ሹሊንግ አጠገቤ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀጥ ብላለች። ግማሽ መንገድ ላይ፣ በማላውቀው ቀሰስ ያለ ድምፅ፣ «የኋላው የቀኝ ጎማ ንፋስ ጎድሎታል» አለችኝ።

«እንዴት አወቅሽ?»

መንገዱን መንገዱን ታያለች። ሳን ሆዜ ስንደርስ ከመኪናው በግራ በኩል ወርጄ በግራ በኩል ዞሬ ገባሁ። ጎማውን ማየት አልፈለግኩም።

አንቲ የቤት ጫማ አቀበሉን። ወጥ ቤት ነጭ ራዲሽ፣ ካሮት የሚመስለውን ሥር፣ እየላጡ ነበር፤ ቢላዋው አሁንም እጃቸው ላይ ነው። በሥራ ቀን፣ በሥራ ሰዓት፣ ልጃቸው የበዓል ሹራብ ለብሳ ስትገባ አዩ፤ ከዚያ እኔን አዩ። የአንቲ እንግሊዝኛ እንደ አባቴ እንግሊዝኛ ነው፤ ግስ ይጎድለዋል፣ ሐሳብ አይጎድለውም። እኔ ደግሞ እንኳን እንዲህ ያለውን፣ ሰላምታም ለትልቅ ሰው ስናገር ይንቀጠቀጣል ድምፄ። መሬት መሬቱን እያየሁ ነገርኳቸው። አንቲ፣ ሹሊንግ አባቷን ልምጣ ወይ ብላ ጠየቀቻቸው፣ ሁለት ጊዜ አዎ አሉ አልኳቸው።

የራዲሹ ልጣጭ ወለል ላይ ወደቀ። አንቲ አልጮኹም፤ አላለቀሱም። እኔ ፈጽሞ ያልጠበቅኩትን ጥያቄ ጠየቁ።

«የት ሆና?»

«ኦክላንድ። ክፍሏ ውስጥ።»

ወደ ልጃቸው ዞሩ። «አድራሻሽን ነገርሽው?»

ሹሊንግ የሹራቧን እጅጌ ጎተተች።

«ከመጠየቅሽ በፊት ስምሽን፣ የተወለድሽበትን ቀን፣ የምትኖሪበትን መንገድና የቤት ቁጥር ትነግሪዋለሽ። እንዲህ አይደለም ያስተማርኩሽ? እንደዚያ ካልሆነ በምን ያገኝሻል?»

«ልጁ ነኝ እኮ፣ እማዬ!»

«አባትሽ ኦክላንድን አያውቅም!» አሉ አንቲ። «ፓርኪንግ የለም ብሎ አንድ ቀን እግሩን አላነሳም። በሕይወቱ ያልመጣ ሰው ሞቶ እንዴት ይመጣል? ከሃይዌዩ በየትኛው መውጫ ይወጣል?»

አስቂኝ ነበር፤ እንደምትስቁም አውቃለሁ፣ እኔም ከንፈሬ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ሹሊንግ ግን አንገቷን እየነቀነቀች «እሱ ነው፣ አውቀዋለሁ» አለች። «አይሆንም ሲለኝ ልክ እንደሱ ነው።»

«አባትሽ መቼ ነው አይሆንም ብሎሽ የሚያውቀው?» አሉ አንቲ። ድምፃቸው ወረደ። «ዝም ነው የሚለው። አባትሽ ዝም ነው የሚለው።»

ያን ጊዜ ነገሩ ለሦስታችንም እኩል ገባን። ፍሪጁ ሲያቃስት ይሰማል። ከሳሎኑ ጥግ ፎቶግራፉ ወደኛ ያያል፣ ምንም እንደማያውቅ ሰው፣ ምናልባትም በእርግጥ ምንም የማያውቅ ሰው። አንቲ ቀስ ብለው፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ፣ «ታዲያ አዎ ያለሽ ማን ነው?» አሉ።



ሹሊንግ ወደ ሳሎኑ ጥግ ተራመደች። «እዚህ እንጠይቀው» አለች፣ «እዚህ ፊቱ ሆነን እንጠይቀው፣ እማዬ፣ አሁን»፤ የቤቱ ጥንድ እንጨት ፎቶው ሥር ነበርና ልትደርስበት ነው። አንቲ ቢላዋውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና መንገዷ ላይ ቆሙ። አጭር ሴት ናቸው፤ ሳሎኑ ግን ሞላ።

«ዛሬ እሱ አይጠየቅም» አሉ። «እኔ አልሞትኩም። እኔን ጠይቂኝ።»

ሹሊንግ እናቷን እንደማታውቃቸው አየቻቸው። ከዚያ እንደ ትንሽ ልጅ፣ በቋንቋቸው አንድ ነገር አለች። ቃሉን አላወቅኩትም። አንቲ መለሱላት። ደግማ ጠየቀች፣ ደግመው መለሱላት። በሦስተኛው አንቲ ፊቷን በሁለት እጃቸው፣ የራዲሽ ውኃ በነካው እጃቸው ይዘው ነበር የመለሱት። በኋላ ሹሊንግ ተረጎመችልኝ። «ሐኪም ቤት ልሂድ?» ነው ያለችው። «ሂጂ» ነው ያሏት። ሦስት ጊዜ።

እንግዲህ የነገሩን ምፀት ተመልከቱ። ለበሽታ የዳረጋት መታዘዝ ነበር፤ ሐኪም ቤት ያደረሳትም ያው መታዘዝ ነው። እናቴ ሂጂ ብላኛለች ብላ ሄደች። እዚህ አገር ብዙ የተማሩ ሰዎች ይህን ቢሰሙ፣ ስለ ራስ ነፃነት ረጅም ነገር ያስረዱን ነበር። አንቲ ግን የሰው ልጅ ነፃ እስኪወጣ ቁጭ ብለው የሚጠብቁበት ጊዜ አልነበራቸውም።

ድንገተኛ ክፍል ሹሊንግን አስገብተው እኔና አንቲ መጠበቂያው ወንበር ላይ ቀረን። አንቲ ቦርሳቸውን አቅፈው ተቀመጡ። ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ቲጂ፣ ሰው ከጠየቀሽ ጨጓራዋን ነው በይ» አሉኝ።

ጨጓራ! ላቅፋቸው ምንም አልቀረኝም። የእኛ ሰው ስንቱን ሐዘን፣ ስንቱን ጭንቀት፣ ስንቱን ሌሊት ሙሉ ያለቀሰ ዓይን «ጨጓራዬን ነው» ብሎ ሸፍኖ ኖሯል! እኔ የአበሻ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ጨጓራ የዓለም ሕዝብ ሁሉ ገመና መሸሸጊያ ናት። «እሺ፣ አንቲ» አልኳቸው፤ አየር ወደ ውስጥ ስቤ። እሳቸው አልደነገጡም።

ሹሊንግ ሆስፒታል ከረመች፤ ከወጣች በኋላም እናቷ ቤት ገባች። መድኃኒት ትወስዳለች። በየሳምንቱ ለአንዲት ሐኪም ስለ አባቷ ታወራለች፤ «ሸጥኩት» ትለኛለች ስልክ ላይ፣ አንዳንዴ እየሳቀች፣ አንዳንዴ ሳትስቅ። ዳነች ብዬ አልዋሻችሁም። ቁርሷን ግን ማንንም ሳትጠይቅ ትበላለች።

እንጨቶቹ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ቀሩ። ልመልሳቸው ብል አንቲ ቤታቸው እንዳይገቡ አሉ። «ማን እንደተናገረባቸው አላውቅም። ቤተ መቅደስ ውሰጂያቸው።» ቻይናታውን ያለው ቤተ መቅደስ ከሥራ ቦታዬ በእግር የሚደረስ ነው። እሺ አልኳቸው። የትኛው ዓይነት እሺ እንደነበር ገምቱ።

ቤቱ ለአንድ ሰው ሰፊ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ እንደገና ጉም ሲሆን፣ አባቴ ደወለ። ምዝገባው ሊያልፍ ነው፤ የእገሌ ልጅ ጨርሳ ተቀጠረች፤ መጽሐፍ ሰው አያኖርም፤ እኔ ነገ ብሞት አንቺን ምን ላይ ጥዬሽ ነው የምሞተው? «እሺ አባባ» አልኩና ስልኩ ተዘጋ። ከዚያ ለምን እንዳደረግኩት አልነግራችሁም፣ ስለማላውቀው። ጃኬቴን ከተሰቀለበት አወረድኩ። ወለሉ ላይ ተንበረከክኩ። «አባባ፣ ነርሲንግ ልማር?» ብዬ ጣልኳቸው።

ቀጭ፣ ቀጭ። አዎ።

አንስቼ ደግሜ ጣልኩ። አዎ።

«እሺ» አልኩ፣ ጮክ ብዬ።

ድምፄ ግድግዳው ላይ ደርሶ ሲመለስ ነው የነቃሁት። አባቴ አልሞተም። አባቴ ዳብሊን ሶፋው ላይ ተጋድሞ ኳስ እያየ ነው፤ ስልኩን ከዘጋው ሻይ ለማፍላት የሚበቃ ጊዜ አላለፈም። ታዲያ እኔ አሁን፣ በዚህ ባዶ ቤት፣ በጉልበቴ ተንበርክኬ እሺ ያልኩት ለማን ነው? ክፍሉ ጸጥ ብሎ ነበር፤ ሦስተኛውን እስክጥልለት የሚጠብቀኝ ዓይነት ጸጥታ።

አልጣልኩትም። እንጨቶቹን በየተለያየ ኪሴ ከትቼ፣ ጃንጥላም ሳልይዝ፣ በእግሬ ቻይናታውን ሄድኩ። የቤተ መቅደሱ ጠባቂ ሽማግሌ ተቀበሉኝ፣ አገላብጠው አዩአቸው፣ ከሌሎቹ ጋር ቅርጫት ውስጥ ጣሏቸው። ከየት አመጣሻቸው አላሉኝም፤ እኔም ጨጓራዬን ነው አላልኳቸውም።

እዚያው መንገድ ዳር ቆሜ ወሰንኩ። ነገ እሁድ ነው። ባቡሩ እስከሚያልቅበት ድረስ ሄጄ፣ ሻይዬን ተቀብዬ፣ ኳሱን አስጠፍቼ፣ «አባባ፣ ነርሲንግ አልማርም» እለዋለሁ። ይቆጣል። ማን አስተማረሽ ይለኛል፣ የደም ግፊቱ ከፍ ይላል፣ እስከ ጎረቤት ድረስ ይሰማል። ይጩኽ። እኔ ዓይን ዓይኑን እያየሁ እቀመጣለሁ፤ ቢያንስ የሚመልስልኝ ማን እንደሆነ አያለሁ።